ሃሞክ በእጄ ልስፋ ብዬ ገመዱ ተበጠሰብኝ፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእህቶቼ ጋር ሐይቅ ወርደን አንድ ሌሊት ልናድር ነው። ሃሞክ (ሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ራሴ ልስፋ ብዬ ከአቡጀዴ 2 ሜትር ቆርጬ ሰፋሁ። ግቢያችን ባሉት ሁለት ባህር ዛፎች መሃል እንደ ልብስ ማስጫ ወጥሬ በቃጫ ገመድ አሰርኩት። ታናሽ እህቴ ገና ከመቀመጧ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ዝቅ ብሎ ስለነበር ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን በጣም ደነገጥኩ። ጥፋቱ የጨርቁ ነው የገመዱ? ስንት ሜትርስ ልግዛ?

ልብስ ሰፊው (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን ተረፈች። ቃጫው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ችግር ግን መወጠርሽ ነው። ሃሞክ መርገብ አለበት። 70 ኪሎ ሰው ሲተኛበት ገመዱ ከአግድም መስመር በ30 ዲግሪ ወደ ላይ ወደ ዛፉ ከወጣ፣ በየጎኑ የሚያርፈው 70 ኪሎ ገደማ ነው። ወጥረሽ 10 ዲግሪ ካደረግሽው ወደ 200 ኪሎ ይደርሳል! መለኪያው ቀላል ነው፤ ገመዱ 1 ሜትር ከሆነ፣ ዛፉ ላይ የታሰረበት ቦታ ከጨርቁ ጫፍ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል።

ጨርቁም አጥሯል። ተሰፍቶ ሲያልቅ 3 ሜትር እንዲሆን 3.20 ግዢ፤ ወርዱ 1.50 ይሁን። ጠንካራ ናይሎን ብታገኚ ይሻላል። አቡጀዴ ለግቢ ይሆናል፤ ዝናብ ከመታው ግን ቶሎ አይደርቅም። ሁለቱን ጫፍ አጥፈሽ 5 ሳንቲሜትር መተላለፊያ አበጂ፤ እንደ ሱሪ ላስቲክ ማስገቢያ ማለት ነው። በፖሊስተር ክር ሶስቴ ሂጂበት። በዚያ ገመዱን አስገብተሽ ጨርቁን ጥብቅ አድርገሽ ሰብስቢው። እኔ ስፌቱን ስጨርስ በጥፍሬ ገልበጥ እያደረግሁ አየዋለሁ፤ አንድ የዘለለ ቦታ ካለ ፈትቼ እደግመዋለሁ። ሰው ነው የሚተኛበት።

የሹፌር ልጅ፦
ዛፉ ላይ ቀጭን ገመድ አትጠቀሚ፣ ልጡን ይቆርጠዋል። ለጭነት መኪና ዕቃ የሚያስሩበትን ሰፊ ቀበቶ ፈልጊ። ዛፉም ቀጭን አይሁን፤ ስትገፊው የሚወዛወዝ ከሆነ ተዪው። ቀና ብለሽም እዪ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ሌላ ዛፍ ፈልጊ።

ጦሳ ስር፦
ብርዱን እንዳትረሺ። ሐይቅ ከደሴ ሞቅ ቢልም ሌሊት ብርዱ ከስር ነው የሚመጣው። ጋቢ ከስርሽ ብታነጥፊ ተጨፍልቆ አያሞቅም። ስስ የስፖንጅ ፍራሽ አድርጊ፤ ጋቢውን ከላይ ልበሺው።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም! በናይሎን ሰፋሁት። ሰው ሳላስተኛ መጀመሪያ ውሃ የሞሉ ሶስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ጫንኩበት። አንድ ሰዓት ቆየ፣ ስፌቱ ምንም አልሆነም። ከዚያ ራሴ ተኛሁበት። ግን ወገቤ ጎበጠ፣ ጉልበቴንም ወደ ኋላ ይወጥረኛል። ምን ላድርግ?

ልብስ ሰፊው (ኮምቦልቻ)፦
መሃሉን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ተኝተሽ ነው። በሰያፍ ተኚ፤ ራስሽን ወደ ቀኝ ጠርዝ፣ እግርሽን ወደ ግራ ጠርዝ። ወርዱን 1.50 ያልኩሽ ለዚህ ነው። አሁንም ካልተስተካከለ ከጨርቁ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ከላይ በኩል፣ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ 2.50 ሜትር አድርገሽ እሰሪበት። ዛፎቹ ቢራራቁም ቢቀራረቡም ርገቱ አይለወጥም።

ጠያቂ፦
አሁን ሞከርኩት። ጀርባዬ ተዘረጋ፣ ጉልበቴም ለቀቀኝ። እህቴ ተራዋን እየጠበቀች ነው፣ ልነሳላት።