እንግሊዝኛ ይገባኛል፣ ልናገር ስል ግን አፌ ይተሳሰራል፤ ምን ይሻለኛል?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በስተቀር ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፣ ሳነብ ይገባኛል፣ ፊልምም ሳይ አብዛኛውን እከታተላለሁ፣ ግን ኢንተርቪው ላይ "እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን" ሲሉኝ በቃ ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል። መጀመሪያ በአማርኛ አስበዋለሁ ከዛ ቨርቡን የት ላስገባው እያልኩ ሳሰላስል ጠያቂው ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል። ሰው ሁሉ ግራመር አጥኚ ይለኛል፣ ግራመሩን እኮ አውቀዋለሁ። ኮርስ የምከፍልበት ብር የለኝም፣ በእንግሊዝኛ የማወራውም ሰው የለኝም። እናንተን የጠቀማችሁን ብቻ ንገሩኝ እባካችሁ።

መምህሩ፦
እህቴ ይሄ የብዙ ተማሪ ችግር ነው። ክፍል ውስጥ የሚያወራው አስተማሪው ነው፣ ተማሪው ኖት ይገለብጣል፣ ማትሪኩም ምርጫ ነው፣ አፍሽን ከፍተሽ የምትፈተኚበት ቦታ የለም። ስለዚህ ግራመሩን ለጊዜው ተይው። ሻዶዊንግ የሚባለውን ሞክሪ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ የሚባል አጭር የድምፅ ፕሮግራም አለልሽ፣ በነፃ ነው፣ ጽሑፉም አብሮት አለ። አንዴ ሳታነቢ ስሚው፣ አንዴ ጽሑፉን እያየሽ ስሚው፣ ከዛ አንድ ደቂቃ የምትሆን ቁራጭ ብቻ መርጠሽ ከተናጋሪው ኋላ ኋላ እየተከተልሽ ጮክ ብለሽ በዪው። በሆድሽ ማለት አይቆጠርም! ድምፁ ከፍ ሲል ከፍ በዪ፣ ሲያርፍ እረፊ። ያችኑ ቁራጭ አፍሽ እስኪለምዳት ድረስ ሳትቀይሪ ደጋግሚያት፣ ከዛ በስልክሽ ቅጂና ከኦርጅናሉ ጋር አስተያዪው።

ድምፅና ምላስ፦
መምህሩ ያለው ልክ ነው ግን ምን ላይ ጆሮዋን እንደምትጥል ካላወቀች ያንኑ በአማርኛ አፍ ነው የምትደግመው። እኛ ቃሉን ሁሉ እኩል እየረገጥን እንሄዳለን፣ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ይጫናል ሌላውን ይውጠዋል። በራስሽ ሙያ ላሳይሽ፣ "ባጀት" ሲሉ ጭነቱ "ባ" ላይ ነው፣ "ሪፖርት" ሲሉ ደግሞ "ፖ" ላይ። "ኢኮኖሚ" ላይ "ኮ"ን ትጫኛለሽ፣ "ኢኮኖሚክ" ስትዪ ግን ጭነቱ ወደ "ኖ" ይሄዳል። ሰው ሳይገባው የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የፈረንጅ አክሰንት ለማስመሰል አትድከሚ፣ የሀበሻ አክሰንት ምንም አይደለም፣ ጭነቱን ብቻ አስተካክዪ። አዲስ ቃል ስታጠኚ ዲክሽነሪው ላይ የድምፅ ምልክቷን ሳትነኪ አትለፊ።

ከሜሪላንድ፦
አሜሪካ ስለመጣን ብቻ የሚፈታ እንዳይመስልሽ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቁም ቤተክርስቲያኑም ሀበሻ ስለሆነ ዓመታት ኖሮ የማይናገር ሞልቷል። እኔን ያወጣኝ የካውንቲው ላይብረሪ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ኮንቨርሴሽን ክለብ ነው፣ በነፃ ነው፣ ከኤልሳልቫዶር ከየአገሩ የመጣ ሰው ይቀመጣል፣ ሁሉም ስለሚሳሳት ማንም ማንንም አያፍርም። አንቺም ሁለት ሦስት ጓደኛ ፈልጊና ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ በድምፅ አውሩ፣ ግን ደንቡ አንድ ይሁን፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ማረም የለም።

የኮምቦልቻዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሻዶዊንጉን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ግን ጓደኞቼ ጋር በእንግሊዝኛ ሳወራ ጉራ ይሉኛል፣ እሱ ነው የሚከብደኝ። ደግሞ ኢንተርቪው ላይ ድንገት ቃል ሲጠፋኝስ?

መምህሩ፦
ጉራ ካሉሽ ብቻሽን ከስልክሽ ጋር አውሪ። ቃል ሲጠፋሽ ዝም ከማለት "ሌት ሚ ሲንክ አባውት ዛት" በዪና ትንፋሽ ውሰጂ፣ ተወላጆቹም ይሉታል። ዝግጅቱን ግን ከራስሽ ሥራ ጀምሪው፣ ለምሳሌ ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለት የባንኩን ሂሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ እንዴት እንደምትሠሪ፣ የባንኩ ስቴትመንትና ሌጀሩ (የድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ) ሳይገጥም ሲቀር መጀመሪያ ምን እንደምታዪ፣ ያልተመነዘረ ቼክ ስታገኚ ምን እንደምታደርጊ፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር እያደረግሽ ሳትጽፊ ተርኪው። በቃልሽ አትሸምድጂው፣ በየቀኑ ትንሽ ለየት አድርገሽ ተናገሪው። ከፈለግሽ የቀዳሽውን እዚሁ ላኪልኝ፣ ሰምቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።