ከባለቤቴ አያት የተወረሰ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፦ ዕድሜውና ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የባለቤቴ አያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ሲያርፉ አንድ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስድስት ጎራሽ በኑዛዜ ትተውላታል። መልኩ አመድማ ነው፣ እጀታው ልሙጥ እንጨት፣ ከእጀታው ሥር የገመድ ቀለበት አለው። ቁጥሩ በ"ቪ" ይጀምራል። የስንት ዓመት ነው? ስንትስ ያወጣል? ልጃችን ክሮም እናስነክረው ይላል፣ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ደግሞ ላክልኝ እያለኝ ነው።

የብረት ሰው፦ እንኳን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት ጥይት እንደሌለበት እይ፤ በግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ ወደፊት ገፋ ስታደርጋት ጥይት መያዣው ወደ ጎን ይወጣል። ያላችሁ "ቪክቶሪ" የሚባለው ነው። "ቪ" የገባው በ1942 ነው፣ እስከ 1945 ተሠርቷል። ክሮሙን ግን በፍጹም! ያ አመድማ መልክ የፋብሪካው ነው፣ ገዢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። አሁን አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ። ".38 ስፔሻል" ካለ ለአሜሪካኖች የተሠራ ነው፤ ለእንግሊዝ የሄዱት ጥይታቸው ሌላ ነው፣ አጠር ያለና ወፈር ያለ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹን ስፔሻል እንዲጎርሱ ቦርቡረዋቸዋል፣ እነዚያ ሲተኮሱ ቀለሁ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፣ ዋጋቸውም ይወርዳል።

እናት ሀገር፦ ወንድምህን ቁርጡን ንገረው። ከዚህ ለመላክ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሻንጣ ውስጥ ሸጉጦ መሞከር እሱንም አንተንም እስር ቤት ያስገባል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አፈሙዙ 4 ኢንች ነው፣ "38 ስፔሻል" ይላል። የቀኙን እጀታ ፈትቼ ሳየው ከእንጨቱ ውስጥ ያው ቁጥር ተመቷል!

የብረት ሰው፦ ደስ ይላል! ጥይት መያዣው ኋላና አፈሙዙ ሥርም ያው ቁጥር ካለ ክፍሎቹ አልተቀያየሩም ማለት ነው፣ ዋጋውን የሚያነሳው ይሄ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። በ1944 መጨረሻ አንድ መርከበኛ ወድቆ በባረቀ ቪክቶሪ ሞቶ ፋብሪካው መዶሻውን የሚይዝ አዲስ መከላከያ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት "ኤስቪ" ይላሉ። የእናንተ "ቪ" ብቻ ስለሆነ ጎርሶ አይቀመጥ።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ዋጋ ስትፈልግ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በጨረታ የተሸጠበትን ተመልከት። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን በክፍያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣና ለማን እንደተላከ ይነግራችኋል። ቁጥሮቹ በተራ ስላልተላኩ ትክክለኛውን ቀን በግምት አታገኘውም። የአያትየው የባሕር ኃይል ወረቀት ካለ አብራችሁ አስቀምጡ፣ ገዢ ይወደዋል። ለሌላ ስቴት ሰው የምትሸጡ ከሆነ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይሁን፣ ሕጉ ነው።