«አሳድ»ን ለተማሪዎች ከማሳየቴ በፊት ገለጻ ልስጥ?

የደሴው መምህር፦
በደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የፊልም ክበብ አስተባብራለሁ። በሚቀጥለው ወር እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራውን «አሳድ» የተባለ አጭር ፊልም ለማሳየት አስቤአለሁ። ታሪኩ በሶማሊያ ጠረፍ በዓሣ አስጋሪነትና በባሕር ላይ ውንብድና መካከል ልቡ ስለ ተከፈለ ልጅ ነው። አንድ ባልደረባዬ ግን «ልጆቹ ጠመንጃ ያነገበውን ጀግና አድርገው ቢወስዱትስ?» ሲል ሞግቶኛል። አስቀድሜ ገለጻ ልስጥ ወይስ ዝም ብዬ ላሳይ? ያያችሁት ብትመክሩኝ።

ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ ገለጻው ቢቀድም እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የሶማሊያን ባሕር የሚጠብቅ ስለ ጠፋ የውጭ መርከቦች ያለ ፈቃድ ዓሣውን ይዝቁት ጀመር፤ ከአስጋሪዎቹም አንዳንዶቹ «ባሕራችንን እንጠብቃለን» ብለው ታጠቁ። ውሎ ሲያድር ግን ባለ ገንዘቦች ጀልባና መሣሪያ እያቀረቡ ከማስለቀቂያው ገንዘብ ዳጎስ ያለውን ድርሻ የሚወስዱበት ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶማሊያ ወንበዴዎች የተፈጸሙ 237 ጥቃቶች ተመዝግበው ነበር፤ የጦር መርከቦች ቅኝት ሲጠናከርና የንግድ መርከቦች የታጠቁ ጠባቂዎችን ሲያሳፍሩ በ2012 ቁጥሩ ወደ 75 ወረደ። እኛ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው የእስያ ዕቃም በዚያው በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ጅቡቲ የደረሰ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለተማሪዎችዎ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የሐይቅ ልጅ፦
በዚህ አልስማማም። ገለጻ ከቀደመ ልጆቹ ፊልሙን መልሱ እንደ ተነገራቸው ፈተና ያዩታል። ያደግሁት በሐይቅ ዳር፣ ታንኳ ከሚቀዝፉ ሰዎች መካከል ነው፤ መረቡ ባዶውን በወጣበት ማለዳ የአንድ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ይህንንም ገለጻ አያስተምርም። ከፊልሙ በኋላ ግን አንድ ነገር ቢነግሯቸው እወዳለሁ፦ ፊልሙ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ተዋንያኑ እዚያ በስደት የሚኖሩ ሶማሌዎች ናቸው። አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች እዚያው የቀሩትን ሆነው ሲተውኑ ማየት፣ ለእኔ ከታሪኩ እኩል ከብዶኛል።

ከባቲ፦
አብሽሩ መምህር፣ የወሎ ልጅ ፊልም አይቶ ወንበዴ አይሆንም። ነገር ግን ባሕሩን ያውቀዋል፤ በእኛ ከተማ በኩል ወደ አፋር ወርዶ፣ ከጅቡቲዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የተሻገረ ወንድም ወይም ጎረቤት የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ወንበዴው ክፉ ነው ወይስ ደግ?» ብለው አይጠይቋቸው። «ልጁ ማንን መሆን ፈለገ? ለምን?» ቢሏቸው፣ ስለ ደላላው እርስዎ ሳያነሱት እነሱ ያነሱታል።

የደሴው መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊልሙ 18 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ለማሳየት ወስኛለሁ፦ መጀመሪያ ያለ አንዳች ቃል፣ ከዚያ የባቲው ወንድሜ ባቀረበው ጥያቄ ካወያየኋቸውና የኮምቦልቻውን ማብራሪያ ካነበብኩላቸው በኋላ እንደገና። ባልደረባዬንም ከፊት ወንበር አስቀምጠዋለሁ።