«የደገሰ ላም አረደ» ምን ማለት ነው? የስውር ፍንጭ አፈታት በአማርኛ ፊደል

ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የለመድነው መስቀለኛ ቃላት «የአባት አባት» ብሎ ይጠይቃል፣ «አያት» ብለን ሞልተን እናልፋለን። ይህኛው ግን «ፍንጮቹ ስውር ናቸው» ይላል። ሦስት በሦስት ሳጥን ነው፤ መሃሉ ጥቁር ስለሆነ የሚሞሉት 8 ብቻ ናቸው።

አግድም
1. የደገሰ ላም አረደ፤ በመሃል ጠብ የለም (3)
3. ከጉዳይ መጨረሻ ኑ እስከ በር መጨረሻ፤ ዕድሜ ያግኝ (3)

ቁልቁል
1. ሰው ማንን ይመስላል በመጀመሪያ? ከላይ ያለው (3)
2. የምስጢር ራስ በሸረሪት ሥራ ላይ፤ ሁላችን የቆምንበት (3)

«ላም አረደ» የሚል ፈሊጥ አለ እንዴ? በቅንፍ ያለው ቁጥርስ ምንን ይቆጥራል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ፈሊጥ አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥም አያገኙትም። ላሟም ድግሱም ማዘናጊያ ናቸው። ቁጥሩ የመልሱ ፊደል ብዛት ነው። «ቋ» እና «ሟ» የመሳሰሉትም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ።

ስውር ፍንጭ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው የመልሱ ፍቺ ነው፤ ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም ከመጨረሻው ይገኛል እንጂ መሃል ላይ ተወትፎ አይመጣም። ሁለተኛው መልሱ ከየትኞቹ ፊደላት እንደሚገጣጠም የሚናገር ጨዋታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ታሪኩን ረስቶ መቁረጫውን መፈለግ ነው። አውጪው ለጀማሪ ብሎ ድርብ ሰረዝ ወይም ጥያቄ ምልክት አስቀምጦልዎታል፤ ከበድ ባለው ግን ሥርዓተ ነጥቡም ራሱ ያታልላል።

1 አግድምን እንቁረጠው። «ጠብ የለም» ፍቺ ነው እንበል። የቀረው «የደገሰ ላም አረደ፤ በመሃል» ነው። «በመሃል» ጠቋሚ ቃል ነው፤ ከፊቱ ያሉት ቃላት መሃል ላይ ተመልከት ይላል። ክፍተቱን ትተው ፊደሎቹን ይደርድሩ፦ የ፣ ደ፣ ገ፣ ሰ፣ ላ፣ ም፣ አ፣ ረ፣ ደ። ዘጠኝ ናቸው፤ ከግራ ሦስት ከቀኝ ሦስት ሲነሱ «ሰላም» ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበትን ላንሳ። «ጠብ የለም» ሲባል «ዕርቅ» ብሎ የሚሞላ አለ። ፍቺው ይሄዳል፣ ፊደሉም ሦስት ነው። ግን ከድግሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዕ፣ ር፣ ቅ አይወጡም፤ ስለዚህ ስህተት ነው። የተራውና የስውሩ ልዩነት ይኸው ነው፤ ስውሩ መልስ ማረጋገጫውን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዷ ፊደል ከየት እንደመጣች መናገር ካልቻሉ ገና አልፈቱትም፤ ገምተዋል።

1 ቁልቁል ይህንኑ ወጥመድ ሆን ብሎ ያጠምዳል። «ሰው ማንን ይመስላል» እና «ከላይ ያለው» አብረው ሲነበቡ እጅ ሳያውቀው «ፈጣሪ» ብሎ ይጽፋል፤ እሱም ሦስት ፊደል ነው። ጠቋሚው ግን «በመጀመሪያ» ነው። የሰው፣ የማንን፣ የይመስላል መጀመሪያዎች ሰ፣ ማ፣ ይ፤ «ሰማይ»። ከ«ሰላም» ጋር በሰ ይገናኛል።

2 ቁልቁል፦ «የምስጢር ራስ» ም ነው፣ የሸረሪት ሥራ ድር ነው፣ ድምሩ «ምድር»። «ላይ» የሚለው ቃል ደግሞ በቁልቁል ፍንጭ ብቻ ነው እንዲህ የሚያምረው፤ ም በእርግጥም ከድር በላይ ይቀመጣል። በአግድም ፍንጭ ቢሆን ኖሮ «ፊት» ወይም «ቀድሞ» ማለት ነበረበት።

3 አግድም፦ የጉዳይ መጨረሻ ይ፣ «ኑ» እንዳለ ይገባል፣ የበር መጨረሻ ር። «ይኑር»፣ ማለትም ዕድሜ ያግኝ።

ሰ ላ ም
ማ ■ ድ
ይ ኑ ር

አውጪው አግድሙን ሲያነቡት «ሰላም ይኑር»፣ ቁልቁሉን ሲያነቡት «ሰማይ ምድር» እንዲሆን ነው ያሰበው። ለስምንት ሳጥን መጥፎ አይደለም።

ሰም አቅላጭ፦
ማብራሪያውን ወድጄዋለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። «ሰላም» ስም ነው፣ «ጠብ የለም» ዓረፍተ ነገር ነው። ፍቺና መልስ አንዱ በሌላው ቦታ ሲተካ ካልሄደ ፍንጩ አንካሳ ነው። «ሰላም ሰፈነ» እንላለን፤ «ጠብ የለም ሰፈነ» አንልም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ትክክል ብለዋል። «የደገሰ ላም አረደ፤ በመሃል የጠብ ጠላት (3)» ቢባል ስም በስም ይተካል፤ ታሪኩም ቅመም ያገኛል።

ጀማሪ፦
ይህ ነገር ትምህርት ቤት ከተማርነው ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ ነው? ኅብረ ቃሉን አውጣ፣ ሰሙን ጻፍ፣ ወርቁን ጻፍ ይባል ነበር።

ሰም አቅላጭ፦
ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን መንታ አይደሉም። የፍንጩ ታሪክ ሰሙ ነው፤ ሲቀልጥ የሚወጣው የፊደል አሠራር ወርቁ ነው። ልዩነቱ፦ በቅኔ ሰሙም ወርቁም ትርጉም አላቸው፣ አንዱም ሐሰት አይደለም። በስውር ፍንጭ ግን ሰሙ ተረት ነው፤ ላሟ አልታረደችም። መስቀለኛ ቃላት በፈረንጆቹ 1913 በአርተር ዊን አማካይነት ኒው ዮርክ ዎርልድ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቀጥተኛ ፍንጭ ብቻ ነበረው፤ ስውሩን ያጎለመሱት በ1920ዎቹ እንግሊዞች ናቸው። «አፍሪት» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አውጪ የተወው ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ አውጪው የሚለውን ነገር ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ማለት የፈለገውን ግን የግድ ብሎት መገኘት አለበት።

ከኅብረ ቃል ጋር በቀጥታ የሚገጥመው ዓይነት «ድርብ ፍቺ» ነው። ጨዋታ የለውም፤ ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መልሱ አንድ ቃል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይምና።

«ጠባብ ያልሆነው ልብስ ሠሪ (2)»፦ ሰፊ። ፊ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ።
«ዘዴ ሁሉ (2)»፦ መላ። ላላ ሲል ዘዴ፣ ሲጠብቅ ሁሉ።
«ግጥም የሚመታው መኖሪያ (2)»፦ ቤት። እዚህ መጥበቅና መላላት የለም፤ ግጥም ቤት ይመታል፣ ሰው ቤት ይኖራል።
«ጫካ የገባው፣ ቆዳ ላይ የወጣው (3)»፦ ሽፍታ።

«ዋና» እና «ገና»ም ለዚህ የተፈጠሩ ቃላት ናቸው። «በዓሉ አልደረሰም (2)» ብሎ «ገና» የሚጠይቅ ሰው ግን ቅድም ያልኩት ችግር ላይ ይወድቃል፤ «አልደረሰም» ግስ ነው፣ ላልቶ የሚነበበው «ገና» ግን ግስ አይደለም። ሳቅ ያመጣል፣ ሕጉን ያፈርሳል። እኔ ባልሞላው እመርጣለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እኔ ግን ስቄ እሞላዋለሁ። በሌላው እንስማማለን።

ጀማሪው እንዲጠቀሙ፣ አማርኛ የሚመቸውንና የማይመቸውን ዓይነት ልለይ። የማይመቸው ፊደል ማመስ ነው፤ ማለትም የአንድ ቃል ፊደላትን አተራምሶ ሌላ ቃል ማውጣት። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ናቸው፤ ተነባቢው አንድ ሆኖ አናባቢው ከተለየ ፊደሉ ሌላ ነው። «ነጋሪ» ታምሶ «ነገር» አይወጣውም፤ ጋ ገ አይደለም፣ ሪም ር አይደለም። ሲገኝ ግን ያስደስታል፦

«ገመድን ፈቶ የሚኬድበት (4)»

ጠቋሚው «ፈቶ» ነው። ገ፣ መ፣ ድ፣ ን ተፈተው ሲደረደሩ «መንገድ»። ጫፏ ላይ ያለችውን «ን» ልብ ይሏል፤ ጠቅላላ ሥራው የተሠራው በእሷ ነው። የሚመቸን ደግሞ ግልባጭ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱን አናባቢ ስለሚይዝ ቃሉ ሲገለበጥም አፍ ላይ ይሄዳል፦ «ወደ ኋላ ነዳ፣ ተረፈ (2)»፣ ነዳ ሲገለበጥ ዳነ። «ገዛ፤ ቢገለብጡት እንደ ብረት አረጀ (2)»፣ ዛገ። በቁልቁል ፍንጭ የግልባጭ ጠቋሚ «ሽቅብ» ወይም «ወደ ላይ» ሊሆን ይችላል፤ በአግድም ግን አይፈቀድም።

የ231 ጥቅሙ ሲሞሉ ይታያል። አንዲት የተሻገረች ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለምትሰጥ የሚቀሩት አማራጮች በጣም ያንሳሉ። ስለዚህ በቅደም ተከተል አይጀምሩ። መጀመሪያ «ውስጥ»፣ «መሃል»፣ «ሆድ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ይፈልጉ፤ መልሱ ፍንጩ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ቀላሎቹ እነሱ ናቸው። ቀጥለው የተሻገሩትን ይሞክሩ። በእርሳስ ይጻፉ፤ አንድ «ዕርቅ» ሁለት ቁልቁሎችን ያበላሻል።

ጀማሪ፦
ጠቋሚ ቃል እንዴት ይታወቃል? ዝርዝር አለ?

ሰም አቅላጭ፦
ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም፤ የሰውነት ክፍል ያለባቸውን ፈሊጦች ቃል በቃል ማንበብ ይበቃል። ይህ ደግሞ እዚህ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚወደው ነው። ራስ የመጀመሪያው ፊደል ነው፣ እግር የመጨረሻው፣ ልብ የመሃሉ፣ ሆድ ውስጡ።

«ራሱን ሳተ» ስንል ህሊናውን አጣ ማለታችን ነው። ቃል ራሱን ከሳተ ግን የመጀመሪያ ፊደሉን አጣ፦ «ተራራ ራሱን ስቶ አዘነ (2)»፣ ራራ።

«እግሬ አውጪኝ» ሽሽት ነው። ቃል እግሬ አውጪኝ ካለ እግሩ ወጣ፦ «ጠላት እግሬ አውጪኝ ሲል የሚጠጣ (2)»፣ ጠላ። ሰሙ የድል ግብዣ ነው፤ ወርቁ ት ጠፋች።

«ልቡ ተሰወረ» መሃሉን መጣል ነው፦ «ወንዝ ልቡ ቢሰወር ፊት ላይ የሚያበራ (2)»፣ ወዝ። አንድ ፊደል ብቻ የሆነ ልብ የሚኖራቸው ፊደላቸው ጎዶሎ ቁጥር የሆኑ ቃላት ናቸው፤ አራት ፊደል ከሆነ ልቡ የመሃል ሁለቱ ናቸው፣ አውጪው አንዱን ብቻ ከጣለ አጭበርብሯል።

ትንንሽ ቅጥያዎችንም አይናቁ። ም «ጭምር» ነው፦ «ተባዕቱ ጭምር የእናት ልጅ (4)»፣ ወንድ ሲደመር ም፣ ወንድም።

ፊደል ቆጣሪ፦
አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር ቀርቷል፤ ሞክሼ ፊደላት። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» ያው ሌብነት ነው። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በጆሮ የሚፈታ ፍንጭ ይሠራባቸዋል፦ «እንደ ፀሐይ ወጣ ሲሉ የሚሰማ፤ ሳይፈቀድለት ወሰደ (3)»። «ሲሉ የሚሰማ» የተጠጋው ወደ ፀሐዩ ስለሆነ የሚጻፈው ሌላው፣ ሰረቀ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን ጣጣ አለ፤ አግድሙ ሠ፣ ቁልቁሉ ሰ ቢፈልግ አንድ ሳጥን ሁለቱን አይዝም። አውጪው «ሞክሼዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ወይም «አይቆጠሩም» ብሎ ከላይ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ ፈቺው ጥፋተኛ አይደለም።

ለጀማሪው አንድ ልተውልዎ፦ «ብር የድሃን ራስ አቅፎ፣ በኋላ የሚመለስ (3)»።

ጀማሪ፦
ፍቺው «በኋላ የሚመለስ»። ጠቋሚው «አቅፎ»። የድሃ ራስ ድ፣ ብር ደግሞ ብ እና ር፤ ድን መሃል አስገብተው ሲያቅፏት ብድር። «የ» እና «ን» ማያያዣ ናቸው፣ ፊደል አያዋጡም።

ሰም አቅላጭ፦
«በኋላ»ን ከፍቺው ጋር መቁጠርዎ ነው ደስ ያለኝ። ለብቻዋ ቢተዋት ኖሮ ሥራ የሌላት ቃል ትሆን ነበር።