ጅማ ተቀምጦ ጀርመንኛ መማር ይቻላል? ከየት ልጀምር?

ሲ ዋን ላይ ያለች፦
ሰላም ናችሁ? ሜዲስን ተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ሲ ዋን (ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት) ገብቻለሁ። ስጨርስ ጀርመን ሄጄ ስፔሻላይዝ ማድረግ ነው ሐሳቤ፣ ለዚያ ደግሞ ቋንቋው የግድ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ብሆን ጎተ ኢንስቲትዩት እሄድ ነበር፣ ከጅማ ግን ለአንድ ክላስ 350 ኪሎ ሜትር አይኬድም። ግቢ ውስጥ ቋንቋ አብረው የሚለማመዱ ልጆች አሉ? የቋንቋ ፕሮግራም ሲኖርስ ከየት ነው የምትሰሙት? እኔ ሁሌ ካለፈ በኋላ ፎቶውን ነው የማየው። አሁን ልጀምር ወይስ ኢንተርን ስሆን? ጊዜ የለኝም፣ እሱን እንዳትነግሩኝ አውቀዋለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ሲ ዋን ገብቻለሁ ስትዪ ጀርመንኛውን መስሎኝ፣ ታዲያ ምን ቀረሽ ልልሽ ነበር። ቋንቋው ስድስት ደረጃ አለው፣ ከኤ ዋን እስከ ሲ ቱ። እዚያ ሐኪም ሆነሽ ለመሥራት በጠቅላላ ጀርመንኛ ቢ ቱ ይፈለጋል። ከዚያ በላይ በሲ ዋን ደረጃ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ። ፈተናው የሰዋስው ጥያቄ አይምሰልሽ። በሽተኛ ሆኖ ከሚጫወት ሰው ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ትወስጃለሽ፣ የሰማሽውን በጽሑፍ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ኬዙን ለሌላ ሐኪም ታስረጃለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኢንተርን እስክትሆኚ አትጠብቂ። ኢንተርን ሆነሽ እንቅልፍ ካገኘሽም ዕድለኛ ነሽ።

ለመጀመር ያህል ክላስ አያስፈልግሽም። ዶይቸ ቬለ ከኤ ዋን እስከ ቢ ዋን በነፃ ያስተምራል፣ ስልክ ላይ ይሠራል። በቀን 20 ደቂቃ፣ በቃ። የስም ጾታ የሚያሳዩት ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ያስለቅሱሻል፣ ምክንያቱም የእኛ ስም ወንድና ሴት ብቻ ነው፣ እነሱ ሦስተኛ ጨምረዋል። ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። «ቫይል» (ስለሆነ እንደማለት ነው) ካልሽ በኋላ ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ ነው የሚያብደው። እኛ ግን ግስ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ከእናታችን ጋር የተማርነው ነው።

አዌቱ ዳር፦
ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አፋን ኦሮሞ ትችያለሽ? ካልቻልሽ ጀርመንን ለጊዜው እርሺውና ዋርድ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አስቢ። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሦስት ዓመት ሙሉ «አካም» እና «ሜቃ» ብቻ ይዤ ነው የኖርኩት። ሰላም ለማለትና ዋጋ ለመጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ሲቢቲፒ (ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተን የምንማርበት) ወጣን፣ ቤት ለቤት። አንድ አባት ከየት ነህ አሉኝ። ከደጋ ነኝ ለማለት «በዳ» አልኩ፣ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ሞተ። ሲጠብቅ ደጋ ነው፣ ሲላላ ግን መጥፎ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ አላልቼው ከመጥፎ አገር መጣሁ ብያለሁ። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። ለዚህ ነው በቁቤ ተማሪ የምልሽ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው፣ የሚጠብቀውንም የሚረዝመውንም ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ኤክስ «ጠ»፣ ሲ «ጨ» ናት፣ እሱን በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ።

ቡና በጨው፦
ወገን፣ ልጅቷ የጠየቀችው ጀርመንኛ ነው። ሰው ዳቦ ሲጠይቅ ስለ እንጀራ ጥቅም አይሰበክም። ሁለቱም ቢሆን ምን አለበት?

ሲ ዋን ላይ ያለች፦
ቡና በጨው፣ ስለተከራከርክልኝ አመሰግናለሁ፣ ግን አዌቱ ነክቶኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትልቅ እናት ጋ ሂስትሪ እየወሰድኩ ነበር፣ የምታስተረጉምልኝ የልጅ ልጃቸው ናት፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሽንት ሲሸኑ ያማቸዋል ወይ ስል አፈረችና ዝም አለች። ከዚያ «አያማቸውም» አለችኝ። ሳትጠይቃቸው! እኔም አያማቸውም ብዬ ጻፍኩ። ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ በሽተኞቹን ሲያዩ) ሲጠየቁ ነው ሌላ ነገር የወጣው። እስካሁን ሳስበው ያፍነኛል።

አዌቱ ዳር፦
አየሽ። በዚህ ጀምሪ፦ «ማል ሲ ዱኩባ?» ምንሽን ነው የሚያምሽ ማለት ነው፣ ለትልቅ ሰው «ማል ኢሲን ዱኩባ?» በዪ። «ዮም ጀልቀቤ?» መቼ ጀመረ። የ«ዱ»ዋን ድምፅ ግን እንደኛ «ዱ» አታድርጊያት፣ ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ ወደ ውስጥ እንደመዋጥ ናት። በጽሑፍ አላስረዳም፣ ከሰው ስሚያት። የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን አይከብድሽም፣ እዚህም ግስ መጨረሻ ነው። ቅጽሉ ብቻ ከስም በኋላ ይመጣል፣ ትልቅ ቤት ሳይሆን «ማነ ጉዳ»፣ ቤት ትልቅ።

የኪቶ ልጅ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ፕሮግራም ለጠየቅሽው፣ ቀኖቹን አስቀድመሽ ያዢያቸው፣ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቂ። የካቲት 14 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 9 የዓረብኛ፣ መጋቢት 11 የፈረንሳይኛ። የቋንቋ ዲፓርትመንት ልጆችን ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ የሚዘጋጅ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። በነገራችን ላይ የየካቲቱ ቀን የመጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ዳካ ውስጥ ለቤንጋሊ ቋንቋ ሰልፍ ወጥተው ከተገደሉ ተማሪዎች ነው፣ ግጥም ተነቦ ብቻ ሲያልፍ ይቆጨኛል።

ክለብ ግን አልመክርሽም። አንድ ጊዜ 40 ሰው ሆነን ጀመርን፣ ሚድ ሲደርስ አራት ቀረን፣ አራታችንም በአማርኛ ነበር የምናወራው። ሁለት ሰው ይበቃል። እኔ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ጀርመንኛ ደግሞ ኤ ቱ ላይ ቆሜያለሁ፣ የሚገፋኝ ሰው አጥቼ። ግማሽ ሰዓት ላንቺ ሂስትሪ፣ ግማሽ ሰዓት ለሁለታችን ጀርመንኛ። በሽተኛውን እኔ እሆናለሁ፣ ሕመም አላጣም።

ሲ ዋን ላይ ያለች፦
ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ዋናው ግቢ ላይብረሪ በር ላይ። ዱቲ ከገባብኝ ቀድሜ እጽፋለሁ። ሌሎቻችሁም ብትመጡ ደስ ይለኛል፣ 40 አትሁኑ እንጂ። አመሰግናለሁ፣ ገላቶሚ!

አዌቱ ዳር፦
ለአንድ ሰው ነው ገላቶሚ። ለሁላችን «ገላቶማ»።