«ኤፒአይ»፣ «መጠቀም»፣ «አይጠበቅም»፦ ስለ ቅጂ መብት ስንጽፍ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ
የፕሮግራም በይነገጽ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠራበት መንገድ (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤፒአይ)፣ በቅጂ መብት ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ የሚል የሥልጠና ጽሑፍ አማርኛውን እያቃናሁ ነው። «በይነገጽ» ባልሁ ቁጥር አንባቢ የሚያስበው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሜኑና ቁልፍ ነው። ምን ልበል? ደግሞ «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤፒአይ አይጠበቅም ሲል ፈረደ» የሚለው አገላለጽ ልክ ነው?

ከባሕር ዳር
«ኤፒአይ» ይበሉት፤ ኮድ የሚጽፍ ሁሉ የሚጠራው እንዲያ ነው። «በይነገጽ» ለስክሪኑ ይቅር። ዋናው ግን ኤፒአዩን ለሁለት ከፍሎ ማሳየት ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ከሁለት ቁጥር ትልቁን የሚመልስ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለ፤ የሚጠራው «ጃቫ.ላንግ.ማዝ.ማክስ(4፣ 6)» ተብሎ ነው። ጃቫ.ላንግ ፓኬጁ (ትልቁ ጥቅል)፣ ማዝ ክላሱ (በውስጡ ያለው ትንሹ ጥቅል)፣ ማክስ የፈንክሽኑ ስም። የፈንክሽኑ ራስጌ ስሙን፣ ስንት ቁጥር በምን ተራ እንደሚቀበልና ምን ዓይነት ውጤት እንደሚመልስ ይናገራል። አካሉ ደግሞ ሥራውን ይሠራል፤ የፊተኛው ከበለጠ እሱን፣ ካልበለጠ ሁለተኛውን ይመልሳል። ለአካሉ ጥበቃ እንደሚገባው አላጣላም። ያጣላው ራስጌው ነው። ጉግል አንድሮይድን ሲሠራ ከ37 የጃቫ ፓኬጆች ወደ 11,500 መስመር የሚሆን ራስጌ እንዳለ ወስዶ አካሉን በራሱ ባለሙያዎች አስጻፈ። ይህ ከጠቅላላው የጃቫ ኤፒአይ 2.86 ሚሊዮን መስመር 0.4 በመቶ ገደማ ነው።

የፍርዱ ዓረፍተ ነገር ግን ይታረም። የጃቫ ባለመብት የሆነው ኦራክል ኩባንያ ጉግልን የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በ2012 የሥር ፍርድ ቤቱ አይጠበቅም አለ፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ይጠበቃል ብሎ ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 2021 ላይ 6 ለ 2 ሲወስን ይህን ጥያቄ አልነካውም። «ይጠበቃል ብለን እንነሳና» ብሎ፣ የጉግል ሥራ ፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሕጉ የሚፈቅደው አጠቃቀም) ነው አለ። ስለዚህ «መውሰዱ በዚህ ጉዳይ ጥፋት አይደለም ሲል ፈረደ» ይባል። «አይጠበቅም» ካሉ ፍርድ ቤቱ ያላለውን አስባሉት።

ከቢቸና
እኔ ደግሞ «መጠቀም» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። «የሌላውን ኤፒአይ መጠቀም» ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ መጥራት ነው፤ የእርስዎ ፕሮግራም ለባንክ ሰርቨር ጥያቄ ልኮ መልስ ይቀበላል። ይህ በውልና በመግቢያ ቁልፍ (አገልግሎቱ በሚሰጥዎት የምሥጢር ኮድ) የሚገዛ ነው፤ ቁልፉን ከነጠቁዎት ያበቃል፣ የቅጂ መብት ቢኖርም ባይኖርም። ሁለተኛው እንደገና መሥራት ነው፤ ያንኑ ራስጌ ይዞ ሌላ አካል መጻፍ። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «መጥራት» እና «እንደገና መሥራት» ተብሎ ይለይ።

ራስጌው ለምን እንዳለ ይወሰዳል ለሚል ቅኔያችን መልስ አለው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። ዋሸራም ይማሩ ጎንጅ ልኩ ያው ነው፤ ልኩን ጠበቃችሁ ተብሎ የተከሰሰ ባለቅኔ የለም። የሌላውን ሰምና ወርቅ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ግን ከጉባኤ ይወርዳል። የኔ አቋም ይኸው ነው፦ አካሉ ይጠበቅ፣ ራስጌው ለሁሉም ይተው።

ከዳንግላ
ወንድሜ፣ ንጽጽሩ ደስ ይላል፤ ግን የመወድስ ልክ በዘመናት የተወረሰ ነው፣ የጃቫን ራስጌ ግን ሰዎች ደክመው፣ ስም መርጠው፣ በፓኬጅ ከፋፍለው የሠሩት ነው። በ2021ዱ ፍርድ የተለዩት ሁለቱ ዳኞች፣ ቶማስና አሊቶ፣ ኮንግረስ ለዚህም ጥበቃ ሰጥቷል ብለዋል። ድካሙን በአንድ ቃል ማጥፋት አይገባም።

ከቢቸና
ድካሙን አልካድሁም። ነገር ግን ፕሮግራመሮች ያንን ስም ከተማሩት በኋላ ማሽኑን የሚያዙበት መንገድ ሆኗል። የአሜሪካ አንደኛ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ሎተስ የተባለውን የሂሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም የሜኑ ትዕዛዞች የአሠራር ዘዴ ናቸው ብሎ ከቅጂ መብት ያስወጣቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 4 ስለተከፈለ ውሳኔው ጸና።

ስሙን መቀየር ቀላል እንዳይመስል። «ላክ(ከሂሳብ፣ ወደሂሳብ)» የሚል ራስጌ አለ እንበል። ስሙን «አስተላልፍ» ቢሉት የቆዩት ፕሮግራሞች ወዲያው ስሕተት ይሰጣሉ፤ ይህ ይሻላል፣ ይታያል። ስሙን ትተው ተራውን ብቻ ቢገለብጡት ግን ሁለቱም የሂሳብ ቁጥር ስለሆኑ ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ ይሠራል፣ ገንዘቡ በተቃራኒው ይሄዳል። «ጥበቃ ካለ የራሳችሁን ስም አውጡ» ማለት ዋጋው ይህ ነው።

ከደብረ ማርቆስ
ተገባኝ። የእኛ አገር ሕግስ በምን ቃል ይጠቀስ?

ከባሕር ዳር
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍት ጋር ከሥራዎች ይቆጥረዋል። አንቀጽ 5 ደግሞ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን፣ በሥራ ውስጥ ተገልጸው እንኳ፣ ከጥበቃ ያወጣል። ኤፒአይ የሚል ቃል አዋጁ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «ሕጉ ይፈቅዳል» ወይም «ይከለክላል» ብለው አይጻፉ፤ «አንቀጽ 5ን ተመርኩዞ መከራከር ይቻላል» ይበሉ። «ፓተንት» (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚለውን ደግሞ አያስገቡ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ውጭ አድርጎታል።

ለሠልጣኞቹ አንድ አሠራርም ይጨምሩላቸው። እንደገና የሚሠሩ ሁለት ቡድን ያቁሙ። አንደኛው ለሕዝብ የወጣውን ሰነድ አንብቦ ስሙን፣ ተራውን፣ ዓይነቱንና የስሕተት ኮዱን ብቻ ይመዝግብ። ሁለተኛው፣ ዋናውን ኮድ በዓይኑ ያላየው፣ ከዚያ መዝገብ ተነስቶ አካሉን ይጻፍ። መዝገቡ ከነቀኑ ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዋናውን ኮድ ከጻፈው መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያየውን ከአእምሮው መፋቅ አይቻልም፣ ከሳሽም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ሰው ነው።