ኮሞዶር 64 ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ከቅዳሜ በፊት እርዱኝ!

የማርቆሱ መምህር (ጠያቂ)፦
ወገኖች፣ በጣም ቸኩያለሁ። ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ የቤት ኮምፒውተር አለኝ። ትናንት ማታ እዚህ ደብረ ማርቆስ ዝናብና ነጎድጓድ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ጥቁር ብቻ ነው። መሬት ላይ የሚቀመጠው ኃይል መስጫ ሳጥን እንደ ምጣድ ግሏል። ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ዝግጅት አለው፤ ለልጆቹ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። መብራት ሄዶ መመለሱ ማዘርቦርዱን ሳያቃጥለው አልቀረም። ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ማዘርቦርድ የሚሸጥ ታውቃላችሁ?

የዳሞት ልጅ፦
መምህር፣ ይሄ እኮ በ1982 በፈረንጅ የወጣ ዕቃ ነው። ጡረታ ጠይቆ ይሆናላ 😄 ለማንኛውም ውስጡ ፊውዝ አለ። እሱን ይቀይሩለት።

ጣና ዳር፦
ሁልጊዜ የምናገረው ነው። ሰው ከውጭ ዕቃ ሲመጣለት ጀርባውን አያነብም። አሜሪካ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ እኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ። የአሜሪካውን ኃይል መስጫ በቀጥታ ግድግዳችን ላይ ከሰኩት ትራንስፎርመሩ ወዲያው ይቃጠላል። ስታቢላይዘርም አያድነውም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ 220ውን 120 አያደርገውም። ቴሌቪዥኑም ሌላ ጣጣ አለው። የእነሱ የድሮ የቴሌቪዥን ምስል አሠራር ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፣ የእኛ ፓል። ስለዚህ ጥያቄ ስንጽፍ ዕቃው ከየት እንደመጣና ስሩ ላይ ምን እንደተጻፈ አብረን እንጻፍ። እሱ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው።

የማርቆሱ መምህር፦
ከጀርመን ነው የመጣው። አጎቴ ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ሳጥኑ ስር 220 ቮልት 50 ኸርዝ ይላል። እስከ ትናንት ማታ ምንም ችግር አልነበረበትም።

የቢቸናዋ፦
መምህር፣ ላፕቶፕ ካለዎት ለምን ይጨነቃሉ? ቫይስ የሚባል ኢሙሌተር (ላፕቶፑን እንደ ኮሞዶር የሚያሠራ ፕሮግራም) አለ፣ በነፃ ይወርዳል። ሰማያዊው ስክሪን ቁጭ ብሎ ይመጣል። ለቅዳሜ ይበቃል።

የማርቆሱ መምህር፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ለመጠባበቂያ አወርደዋለሁ። ግን ልጆቹ ማሽኑን ራሱን እንዲነኩት ነው የምፈልገው። ስልካቸው ላይ ያለው አንድ ፎቶ እንኳ ከዚህ ማሽን ማስታወሻ ሁሉ ይበልጣል። በ64 ኪሎባይት ሰው ዘፈንም ጌምም ይሠራበት እንደነበር ቁልፉን ተጭነው ሲያዩት ነው የሚገባቸው።

ባለ ቴስተሩ፦
መምህር፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ከግድግዳም ከኮምፒውተሩም ይንቀሉት። አሁኑኑ። «ይሞከር እስቲ» ብለው መልሰው ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይሰኩት።

ሁለተኛ፣ በመነሻዎ አልስማማም። መብራት ሄዶ መመለሱ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምጠረጥረው ግን ሳጥኑን ነው። የኮሞዶር 64 ኃይል መስጫ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ 5 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) እና 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ግድግዳው አቅጣጫውን የሚቀያይር)። 5 ቮልቱን የሚጠብቀው ውስጡ ያለ ሬጉሌተር ነው። ሳጥኑ በጠንካራ ሙጫ ስለተሞላ ሙቀቱ እንደ ልብ አይወጣም። ዓመታት ሲቆጠሩ ሬጉሌተሩ ይበላሻል። ክፋቱ ደግሞ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ኃይሉን አያቋርጥም፤ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ቺፖቹ በደህና የሚሠሩት እስከ 5.25 ቮልት ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሞቱት የማስታወሻ ቺፖቹ ናቸው። ማዘርቦርድ ገዝተው በዚህ ሳጥን ቢያስነሱት ያንንም ይገድለዋል።

ስለዚህ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይፈልጉ። ሳጥኑን ለብቻው ግድግዳ ላይ ይሰኩት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባውን ክብ ስፒና ፊት ለፊት ሲያዩት ሰባት እግሮች በፈረስ ኮቴ ቅርፅ ተደርድረዋል። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ያሉት 9 ቮልት ኤሲ ናቸው። መካከለኛው መሬት (ግራውንድ፣ ዜሮ ቮልት) ነው። ከመካከለኛው ግራና ቀኝ ካሉት በአንዱ ላይ 5 ቮልቱ ይገኛል፣ ሌላኛው ባዶ ነው። ቴስተሩን ለ5 ቮልቱ ዲሲ ላይ፣ ለ9 ቮልቱ ኤሲ ላይ ያድርጉት። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ። ቁጥሩን ይንገሩን።

የሞጣው፦
ፊውዝ ነው። እኔም ጋ እንዲህ ሆኖ ፊውዝ ቀይሬ ነው የተነሳው። ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ናት፣ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ፣ 1.5 አምፔር።

ባለ ቴስተሩ፦
የሞጣው ወንድሜ፣ ያልከው ይሆናል። ግን ያ ፊውዝ የሚጠብቀው 9 ቮልቱን መስመር ብቻ ነው። ቀዩ መብራት የሚበራው በ5 ቮልቱ ነው። በአሮጌው ቦርድ ላይ ፊውዙ ቢበጠስም መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ምልክቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው ለኩት የምለው። 5 ቮልቱ ከፍ ብሎ ከሆነ ፊውዝ መቀየር ምንም አይከላከልም።

አባይ ማዶ፦
ለምን ትለፋላችሁ? የአሮጌ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ይገንጠል። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ መሬት። እሱን ማገናኘት ነው፣ አለቀ።

ባለ ቴስተሩ፦
ግማሹ ልክ ነው። 9 ቮልት ኤሲውን ግን ከየት ታመጣዋለህ? ዴስክቶፑ ኤሲ አይሰጥም። ከ9 ቮልቱ ነው ቦርዱ 12 ቮልት የሚሠራው፤ የአሮጌው ሞዴል የምስልና የድምፅ ቺፖች ያንን ይፈልጋሉ። የካሴት ማጫወቻው ሞተርም ከዚያው ነው የሚሠራው። 5 ቮልቱን ብቻ ከሰጠኸው ቀይ መብራትና ጥቁር ስክሪን ነው የምታገኘው። መምህር አሁን ያላቸው እሱ ነው።

የማርቆሱ መምህር፦
የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ጥገና ቤት አለው፣ ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ጫፍና ጫፉ 10.4 ኤሲ ይላል። 5 መሆን ያለበት 6.9 አለ! ደጋግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

ባለ ቴስተሩ፦
በቃ፣ ሳጥኑ አልቆለታል። 10.4ቱ ምንም አይደል፤ ያለ ጭነት (ምንም ሳያሠራ) ስለሆነ ከ9 ከፍ ማለቱ ጤናማ ነው። 6.9 ግን ገዳይ ነው። በሙጫ ስለተሞላ ከፍቶ መጠገን አያዋጣም። ገመዱን ከነስፒናው ቆርጠው ያስቀሩት፣ ሳጥኑን ይጣሉት።

አሁን የራስዎን ይሥሩ። ሁለት ዕቃ ብቻ ነው፦ ከ220 ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ 1 አምፔር ትራንስፎርመር፣ እና 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ደህና አዳፕተር። ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ትራንስፎርመሩ አይጠፋም። ሁለቱም መስመር ላይ ፊውዝ ያስገቡ። የአሮጌውን ገመድ ሽቦዎች በቀለም አይመኑ፤ የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው እግር እንደሚሄድ በቴስተሩ ያረጋግጡ። 220 የሚገባበት በኩል ሽቦ ተራቁቶ እንዳይቀር፣ በፕላስቲክ ሳጥን ይሸፍኑት። ልጆች የሚቆሙበት ክፍል ነውና እዚህ ላይ አደራ። ራስዎ ካልደፈሩ ኤሌክትሪሺያን ያሠራዎት።

የማርቆሱ መምህር፦
ትራንስፎርመር የሚሸጡልኝ አግኝቻለሁ። አዳፕተሩን ነገ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሰው አስልኬያለሁ። ኮምፒውተሩስ? ተርፎ ይሆን?

ባለ ቴስተሩ፦
አዲሱን ለክተው 5 ቮልት አካባቢ መሆኑን ካዩ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍተው ያስነሱት። ጥቁር ከሆነ ትንሽ ቆይተው ያጥፉት፣ ከግድግዳም ይንቀሉት። ከዚያ የማስታወሻ ቺፖቹን በጣትዎ ቀስ ብለው ይንኩ። በአብዛኛው ቦርድ ላይ ስምንት ተመሳሳይ ቺፖች ተደርድረዋል፣ 4164 የሚል ቁጥር አለባቸው። ከሌሎቹ ተለይቶ ጣት የሚያቃጥል ካለ የሞተው እሱ ነው። አንድ ቺፕ ብቻ መቀየር ማዘርቦርድ ከመቀየር በብዙ ይሻላል። ሁሉም ለብ ያሉ ከሆነ ደግሞ ያን ጊዜ የሞጣው ወንድማችን ያለውን ፊውዝ ይዩ።

ደህና ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 የሚል ቁጥር ይመጣል፤ ለቤዚክ (ለማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) የቀረው ባይት ነው። እሱን ካዩ ማስታወሻው ተርፏል።

የዳሞት ልጅ፦
እኔ ፊውዝ ብዬ ነበር፣ ግማሽ ነጥብ ይያዝልኝ 😄 መምህር፣ 38911ን ካዩ ፎቶ ይለጥፉልን።

የፍኖተ ሰላሙ፦
መምህር፣ እንዴት ሆነ? እኔም አንድ አለኝ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ፈርቼ ለካሁት። የኔ 5.1 ይላል። ልጠቀምበት?

ባለ ቴስተሩ፦
5.1 ጥሩ ነው፣ ግን ያለ ጭነት የተለካ ብቻውን አያስተማምንም። 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል በ5 ቮልቱና በመሬቱ መካከል አያይዝ። ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ወደ 1 አምፔር ገደማ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ተወውና በየመሃሉ ለካ፤ ሳጥኑ ሲግል ነው የሚከዳው። ከ4.75 በታች ከወረደ ወይም ከ5.25 በላይ ከወጣ ኮምፒውተሩ ላይ አትሰካው።